የሳጅን ቴምባ መርዶ

ከአየር ኃይል ጦር ሰፈር አጠገብ ኖሮ የማያውቅ ሰው ጸጥታ ምን እንደሆነ አያውቅም። እኛ እናውቃለን። ጸጥታ ማለት አንዱ አውሮፕላን ካለፈ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ያለችው ጊዜ ናት። እንቅልፍም፣ ጸሎትም፣ ጠብም በዚያች ጊዜ ይሻሙባታል።

ልጄ ታደለች ሱቋን የከፈተችው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ፣ ወደ ፕሪቶሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጦር ሰፈሩ አጥር ከሚያልቅበት አጠገብ ነው። እዚህ አገር እንዲህ ያለችውን የሰፈር ሱቅ ስፓዛ ይሏታል። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አለን፤ እኔ፣ ታደለችና ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ናርዶስ እንኖርበታለን። ትልቁ አውሮፕላን ሲያርፍ መደርደሪያው ላይ ያለው የሰርዲን ቆርቆሮ ሁሉ ይጨፍራል። አንዳንዱ ከጭፈራው ብዛት ቦታውን ለቆ ሳሙናው ዘንድ ተዳብሎ አገኘዋለሁ።

ከአገር ቤት በመጣሁ በወሩ ለአቤቱታ ወደ ጦር ሰፈሩ በር ሄድኩ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ አቤቱታ ማቅረብ ግን ማንም ሳያስተምረኝ የማውቀው ነገር ነው። ዘቡ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። «ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ አውሮፕላኖቻችሁን ያዙልኝ፤ ልተኛበት» አልኩት ከናርዶስ በለቀምኳት እንግሊዝኛ። አልሳቀም። መዝገብ አወጣና ስሜንና የቤቴን ቁጥር ጻፈ።

«ምክንያት?» አለኝ።

«እንቅልፍ።»

«እንቅልፍ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እግሩን ገጥሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ። አውሮፕላኖቹ አንድም ቀን አልቀሩም፤ የቅሬታዬ ግማሹ ግን እዚያው በሩ ላይ ቀረ። አቤቱታን በአክብሮት የተቀበለ ሰው ባይፈጽመው እንኳ ግማሹን ፈጽሞታል።

ወታደሮቹ ዳቦ የሚገዙት ከእኛ ነው። እኔ በምሸጥበት ቀን ሰልፍ አለ፤ ጄኔራልም ቢመጣ ሰልፍ አለ። አንድ ቀን ጠዋት አንድ አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሳጅን ተጣድፎ መጣና አንዲት ተማሪን ቀድሞ እጁን በመስኮቱ አስገባ።

«ወደ ኋላ» አልኩት።

«ጎጎ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለኝ። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ እዚህ ሰፈር ሌላ ስም የለኝም።

«እሷም ሥራ ላይ ናት። ትምህርት ቤት ልትሄድ ነው።»

ሳጅኑ ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሄዶ ከሰባት ሰው ኋላ ቆመ። ተራው ሲደርስ ዳቦው አልቆ ነበር። «አልቋል» አልኩት። «እሺ ጎጎ» ብሎ ባዶ እጁን ሄደ። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት የእሱ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ማታ ነው፤ ሚስቱ ኖምሳ ዳቦ ልትበደር መጣች። ከራሴ ዳቦ ግማሹን ቆርጬ ሰጠኋት። ሰልፍ የሱቅ ነው እንጂ የጎረቤት አይደለም።

ይኸው ቴምባ የሚባለው ሳጅን ምን እንዳደረገልን ካልነገርኳችሁ ቀሪው ነገር እብደት ይመስላችኋል። የውጭ አገር ሰው ሱቅ ሁሉ ይዘጋ ብለው ዱላ የያዙ ሰዎች በየሰፈሩ በዞሩበት ሰሞን፣ ወደ እኛም እየመጡ ነው ተባለ። ታደለች በሩን ቆልፋ እቃ ታስደግፍበታለች፤ እኔ ውስጥ ሆኜ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ አደባልቄ እጸልያለሁ። በበሩ ስንጥቅ ስመለከት ሳጅን ቴምባ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ደጃችን ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃ የለው፣ ዱላ የለው። ብርቱካን ይልጣል። ሰዎቹ መጡ፤ ቆመው አዩት። እሱም አያቸው። አንዱን በስሙ ጠርቶ «እናትህ ጉልበቷ ተሻላት?» አለው። ከዚያ ብርቱካኑን መላጥ ቀጠለ። ስድስት ብርቱካን በልቶ አመሸ። እኛም ተረፍን፤ ሱቁም ተረፈ።

ታዲያ ይህ ሰው ሰላም ለማስከበር ወደ ኮንጎ ተላከ። ሥራው ሄሊኮፕተር መጠገን ነው። ከሄደ ሰባት ወር ሆነው። ኖምሳ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ልጅ የላቸውም። ማታ ማታ መብራቷ ቶሎ አይጠፋም ነበር።

ያ ቀን ሐሙስ ነው። ጠዋት ገበያ ሄጄ ስመለስ ከታክሲው መስኮት የጦር ሰፈሩን ባንዲራ አየሁት፤ ከምሰሶው አጋማሽ ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ የሚደረገው ሰው ሲሞት ነው። ከምሳ በኋላ አንድ የወታደር መኪና ቀስ ብሎ መጥቶ ኖምሳ ቤት ፊት ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ፋይል ይዟል፤ የሌላው ኮሌታ ላይ ትንሽ መስቀል አለች፤ የወታደሮቹ ቄስ ነው። በሩን አንኳኩ፤ ኖምሳ ሥራ ላይ ናት። እኔ ወጣሁ።

«ጎጎ፣ የዚህ ቤት እመቤት የት ናት?» አለኝ ቄሱ።

«ምን ሆነ?»

«ለቤተሰብ ብቻ ነው የምንናገረው፤ ይቅርታ። ስልኳም አይሠራም።»

ስልኳን ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሰርቀዋታል። ግን እኔ የሰማሁት «ለቤተሰብ ብቻ» የሚለውን ነው። ሰርግ ለቤተሰብ ብቻ አይነገርም። ሹመትም ለቤተሰብ ብቻ አይነገርም። ፋይልና ቄስ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለቤተሰብ ብቻ የሚነገር ነገር በዚህ ዓለም አንድ ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከሥራ ስትመለስ ደጇ ላይ ጠብቆ፣ ሁለት የማታውቃቸው ወንዶች ለአንዲት ብቻዋን ላለች ሴት አይነግሯትም። ሌሊቱን ተኝታ ትደር። ጎህ ሲቀድ ጎረቤትና ወዳጅ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ የምትወድቅበት ትከሻ ቀድሞ ይዘጋጃል። እነዚህ ሰዎች ይህን የሚነግራቸው የለም። ስለዚህ እኔ አፌን ከፈትኩ።

«እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ሩቅ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ትመለሳለች» አልኳቸው።

ሁለቱ ተያዩ። «ትንሽ አስቸኳይ ነበር» አለ ቄሱ።

እኔ በልቤ ሞት ደግሞ ምን አስቸኳይ አለው፣ አልኩ። በአፌ «ጎረቤቷ ነኝ፤ እኔን እመኑኝ» አልኩ። አመኑኝ። ሽበት መጥፎ ነገር ነው፤ ሰው ሳይመረምር ያምነዋል።

መኪናው እንደሄደ ታደለች ከሱቁ ወጣች። «እማዬ፣ የዋሸሽው ለምንድን ነው?»

«አልዋሸሁም፤ አዘገየሁ።»

«አያገባሽም እኮ።»

«ደጃችን ላይ ሲቀመጥ አያገባኝም ብሏል?»

ታደለች ወደ ሱቋ ተመለሰች። ግን ነገሩ እኔንም ከነከነኝ። ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነበር። ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ለእናቴ ሳይነግራት ሁለት ዓመት ቆየ። እናቴ ለሁለት ዓመት «ልጄ ሲመጣ» እያለች ስታወራ ጎረቤቱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማት ነበር። ይህን ግፍ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ታዲያ አንቺስ ምን አደረግሽ፣ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ሁለት ዓመት ግፍ ነው፤ አንድ ሌሊት ግን ምሕረት ነው ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ሰው የራሱን ጥፋት ሲመዝን ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ይደግፈዋል።

ሜይፌር በሚባለው ሰፈር ለምትኖረው ለወይዘሮ አስካለ ደወልኩላት። የሴቶች እድራችን ሊቀመንበር ናት።

«ማን ሞተ?» አለችኝ፤ እሷ ስልክ የምታነሳው እንዲህ እያለች ነው።

«ጎረቤቴ። ወታደር ነው። የዚህ አገር ሰው።»

«እድርተኛ ነው?»

«አይደለም። ግን ታደለችን ከነሱቋ ያተረፈልን ሰው ነው።»

«እንግዲህ ከእድርተኛም ይበልጣል። ስንት ሰው ልያዝ?»

«አራት ይበቃል። ድምፅ የሌላቸው።»

«ድንኳንስ?»

«አስካለ፣ ገና አልተነገራትም። ድንኳን አታምጪ።»

«ድንኳን የሌለው ለቅሶ ጉንፋን ነው» ብላ ዘጋችው።

ከሁሉም የከበደው ግን ያ ምሽት ነው። ኖምሳ ከሥራ ተመልሳ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «ጎጎ፣ ነይ እስቲ አንድ ነገር ያዢልኝ።» ብሄድ ከገበያ መጋረጃ ገዝታለች። ቢጫ ነው። እንደ እንቁላል አስኳል ያለ ቢጫ።

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለችኝ፤ ወንበር ላይ ወጥታለች። «ቴምባ አሮጌውን ግራጫ መጋረጃ እንደ ጦር ሰፈር ነው ይለው ነበር። ሲመጣ ቤቱ ቤት ይምሰለው ብዬ።»

የመጋረጃውን ጫፍ ይዤ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠኝ።

«ጎጎ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ጨጓራዬ ነው።»

«ላስተኛሽ?»

«አይ፣ ስቀይ» አልኳት። የመጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

ሳቀች። ከዚያ ስለ እሱ ታወራ ጀመር። መኪና ሲጠግን እንደሚያፏጭ፣ ገንፎ ቀጠነ ብሎ እንደሚያኮርፍ፣ ኮንጎ ከገባ ጀምሮ እሑድ እሑድ ይደውልላት እንደነበር፤ አሁን ስልኳ በመሰረቁ ያለፈው እሑድ እንዳመለጣት። «እናቴ፣ ወታደር ያገባች ሴት ጆሮዋ በር ላይ ነው ትላለች» አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደ እናቴ ጎረቤቶች አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ያኔ ወጥቼ መሮጥ ነበረብኝ፤ ወይም መናገር። መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ። ሰቅለን ስንጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችውና «ያምራል?» አለችኝ።

«ያምራል» አልኳት።

ቤት ስገባ ናርዶስ መጽሐፏን ዘግታ አፈጠጠችብኝ። «እማማ፣ ሂጂና ንገሪያት። እሷ ሐበሻ አይደለችም፤ ይሄን ሥርዓት አታውቀውም።»

«ሐዘን አገር አለው እንዴ?»

«ሐዘን የለውም፤ መደበቅ ግን አለው» አለችኝ። ይህችን ልጅ ያስተማርናት መልስ እንድትሰጠኝ አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ አራት ሴቶች እየጠበቅኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ሙሉ ታክሲ መጣ። አሥራ አራት ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ጣራው ላይ ድንኳንና ወንበር ታስሯል፤ ኋላ ሦስት ድስት ተደርድሯል። ሹፌሩ ሰፈሩን ስለማያውቅ መድረሱን ለማሳወቅ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። ውሻ ሁሉ ተነሳ።

«ድምፅ የሌላቸው ብዬሽ ነበር» አልኳት አስካለን።

«እኛ መች ተናገርን? የተናገረው መኪናው ነው።»

ኖምሳ የቤት ልብሷን እንደለበሰች በሩን ከፈተች። አሥራ አራት ነጭ ለባሽ ሴቶችና እኔን አየች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም፤ ግራ መጋባት ብቻ ነው። «ጎጎ፣ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው?»

«እንደዚያ ያለ ነገር ነው» አልኳት።

አስገባችን። እንግዳ አይደለን? ሻይ አፈላች። ኩባያ ሲያልቅባት በማርማላታ ብርጭቆ ቀዳች። ለማስለቀስ የመጣን ሴቶች በቢጫው መጋረጃ ሥር ተደርድረን የምናስለቅሳትን ሴት ሻይ እንጠጣለን። ስኳር ይብቃችሁ፣ ትላለች። ናርዶስ ለማስተርጎም መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ እኔን ግን አታየኝም።

አስካለ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ጀምሪ እንጂ።»

«ሊቀመንበሯ አንቺ ነሽ።»

«ጎረቤቷ አንቺ ነሽ።»

«ሻይዋን ትጨርስ።»

«እሷ እኮ ሻይ አልያዘችም።»

እንዲህ ስንባባል ከአሌክሳንድራ ሰፈር የመጣች አንዲት ሴት፣ ሳጅኑን በዓይኗ አይታው የማታውቅ፣ የራሷ ሟች ትዝ ብሏት ይሆናል፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለቅሶ እንደ ሳል ነው፤ አንዷ ከጀመረች ሁሉም ጉሮሮውን ይበላዋል። ቤቱ በአንዴ ተናጋ። እኔም ሌሊቱን ሁሉ ያፈንኩት ፈነዳና ተነስቼ ደረቴን እየደቃሁ ሙሾ አወረድኩ።

«ቁመቱ እንደ ዋርካ፣ ትከሻው እንደ በር፣
ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሱቅ ሲጠብቅ ነበር።»

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ኖምሳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች። «ናርዶስ፣ ምንድን ነው የሚሉት?» አለች። ናርዶስ መሬት መሬት አየች። ኖምሳ የሴቶቹን ዓይን ተከተለች። ሁሉም የሚያዩት ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ሳጅን ቴምባ በደንብ ልብሱ የተነሳውን ፎቶ ነው። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

«ጎጎ። እኔ የማላውቀውን ምን ታውቂያለሽ?»

ነገርኳት። ወታደሮች መጥተው ነበር፤ ቄስ ይዘው፤ አንቺን ፈልገው፤ አልኳት።

«መቼ?»

«ትናንት። ከምሳ በኋላ።»

አየችኝ። አልጮኸችም። «ከምሳ በኋላ» አለች። «ማታ መጋረጃ ስትይዢልኝ ታውቂ ነበር።»

ብትመታኝ ይሻል ነበር። የእናቴን ፊት ያየሁት ያኔ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የነገሯት ቀን የነበራትን ፊት። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ ያየችበትን። ዕድሜዬን ሙሉ ከከሰስኳቸው ከእነዚያ ጎረቤቶች ጋር ሄጄ ቁጭ ብያለሁ።

በዚህ መሐል ደጅ የመኪና በር ተዘጋ። ቄሱ ነው። አስካለ በተናገረችው መሠረት ሹፌሩና ሁለት ሴቶች የድንኳኑን ምሰሶ ማቆም ጀምረው ነበር። ቄሱ ድንኳኑን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ውስጥ ያለውን ለቅሶ ሰማ። ቆቡን አወለቀ። በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መቼ ሞተ?» አለ።

ኖምሳ ግድግዳውን ያዘች።

«እኔ ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የተለየሁት» አለ ቄሱ። «ገንፎው ቀጠነ ብሎ እያጉረመረመ ነበር።»

ናርዶስ ይህን ወደ አማርኛ ስትመልስ ጥቂት ጊዜ ወሰደባት፤ መጀመሪያ ራሷ መቀመጥ ነበረባት። አሥራ አራቱ ሴቶች አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ኖምሳ ግን ቀድማ ገብቷታል። «ቀጠነ አለ?» አለች። «ቀጠነ አለ?» እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቄሱም አብሯት ቁጭ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተሳፈረበት መኪና ገደል ዳር ተገልብጦ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ትከሻውም ተጎድቷል። ትናንት ጠዋት በትልቁ አውሮፕላን አምጥተው የወታደር ሆስፒታል አስተኙት። ሰዎቹ የመጡት ሚስቱን ወደ እሱ ሊወስዷት ነበር። ባንዲራውስ? የባንዲራው ገመድ ተጠላልፎ ነው፤ አንድ ወታደር መሰላል እስኪያመጣ እዚያው ተንጠልጥሎ ዋለ።

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም» አላት ቄሱ። «እናቷ ዘንድ ሄዳለች ብለን ስንነግረው ሊነሳ ፈለገ። ሁለት ሰው ነው የያዘው። እናቷ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ሚስቴ የት ናት፣ ለምን ዋሸች፣ እያለ።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ኖምሳ «እናቴ እንዲህ ትላለች» ስትል እንደ ሕያው ነው የምታወራው። ሰው አገር መጥቼ የሞተችውን በሕይወት አኖርኩ፣ ቆሞ ያለውን ቀበርኩ።

ተነስቼ ቄሱ ፊት ቆምኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ያ ፋይልህ ላይ ስሜን ጻፍ። እሷ የትም አልሄደችም፤ ማታ መጋረጃ ስትሰቅልለት ነበር። ይህ ካልተጻፈ አትወጣም።»

«እማማ፣ መንገዱን ልቀቂለት» አለች ናርዶስ።

«ይጻፍ።»

ቄሱ ጻፈ። ኖምሳ በቤት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ ወጣች፤ በአጠገቤ ስታልፍ ዓይኗን ወደ እኔ አልመለሰችም። መኪናው ሄደ። አስካለ ድንኳኑ ሥር ቆማ ድስቶቹን ታያለች።

«በቁሙ ላለ ሰው ለቅሶ ጠራሽን» አለችኝ።

«ደስ አይልሽም?»

«ደስ ይለኛል። የአሥራ አራት ሰው ሽሮ ግን የት ላድርስ?»

ሹፌሩ፣ ያ ጥሩምባ ነፊው፣ እጁን ለመታጠብ ውኃ ጠየቀ። ከእሱ ጋር ሰፈሩ በላ። የጦር ሰፈሩ ተረኛ ዘቦችም መጥተው ተሰለፉ፤ ሳይቀዳደሙ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖምሳ አላነጋገረችኝም። ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች፤ ሰላም ስላት አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ያቺም ለሽበቴ ናት። ታደለች «ይቅርታ ጠይቂያት» አለችኝ። ጠይቄያታለሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ በአጥሩ ላይ። ይቅርታ እኔ ስለጠየቅኩ የሚሰጠኝ ነገር አይደለም። ተራው የእሷ ነው፤ እኔ ልጠብቅ፤ ሰልፍ ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ አንድም ቀን አልተሳደብኩም። ምናልባት ሌላ ሴት ባሏ በዚያ ውስጥ ተኝቶ ይሆናል፣ እያልኩ ቆርቆሮዎቹን በእጄ እይዛለሁ።

በአሥረኛው ቀን ናርዶስ መጥታ «ሳጅኑ ቤቱ ገብቷል፤ ይጠራሻል» አለችኝ። ነጠላዬን እንዴት እንደምለብስ ግራ ገባኝ፤ በመጨረሻ እጄ ላይ ይዤው ሄድኩ።

ሶፋው ላይ እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ተዘርግቷል። ከስቷል። ያ ወፍራም አንገት ሸሚዙ ውስጥ ይዋኛል። ኖምሳ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ልብስ ታጥፋለች፤ ፊቷ ወደ ውጭ ነው።

«ጎጎ» አለኝ። «ሞቼ ነበር አሉ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ልትሰድበኝ ከሆነ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

«ስድቡን ኖምሳ ጨርሳዋለች። ያላለቀ ሌላ ነገር አለ። አልቅሰሽልኛል ተባለ። ምን ብለሽ አለቀስሽልኝ?»

«እሱ አይደገምም። ላለ ሰው ሙሾ አይወርድም፤ ነውር ነው።»

«አንዴ ወርዷል እኮ» አለ። «ሃያ ዓመት ወታደር ነኝ። ብሞት ምን ይሉኛል ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ። የራሱን ሙሾ ማንም ሰምቶት አያውቅም። እኔ ዕድል አግኝቻለሁ፤ አትከልክዪኝ።»

ፍትሕ ነው አልኩ። የእሱ ነው፤ በስሙ የወጣ ነገር ነው። ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ደረቴን ሳልመታ አልኩለት። ናርዶስ ተረጎመችለት። ዋርካ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው ጥላው ሥር እንደሚቀመጥ ስታስረዳው ሳጅኑ የተሰበረ እግሩን እስከ ጣቱ አየው፤ ተዘርግቶ እንኳ ከሶፋው አላለፈም። አልሳቀም። ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ጣራው አየ።

«እኔስ?»

ኖምሳ ናት። ያጠፈችውን ልብስ ይዛ ወደ እኛ ዞራለች። በአሥር ቀን ውስጥ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አንቺስ ምን?»

«በዚህ ቤት የዚያን ቀን ጠዋት ልቡ የቆመው የማን ነው? የሱ አይደለም፤ እሱ ገንፎ ይበላ ነበር። ስለ እኔ ምን አልሽ?»

አሰብኩ። ምንም አላልኩም ነበር። አሥራ አራት ሴቶች ይዤ ሄጄ፣ ሻይዋን ጠጥቼ፣ ስለ እሷ አንዲት ስንኝ አልወጣኝም። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በሰው ላይ አይቅደም ብዬ የጮህኩ ሴት። ነጠላዬን ከእጄ ላይ አንስቼ ለበስኩት፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ፣ እንደ ደህና ቀን። ትንሽ ቆይቶ መጣልኝ።

«እሱስ ጓድ ነበረው ሲዘምት ከጎኑ፣
አንቺ ብቻሽን ቆምሽ ሌሊቱን ከቀኑ።»

ናርዶስ ተረጎመችላት። ኖምሳ ልብሱን አስቀምጣ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካኝ፤ አላነሳችውም።

ሳጅኑ ከሶፋው ቀና አለ። «የእሷ ይበልጣል» አለኝ፤ ትንሽ ቅር ያለው ይመስላል።

«ይበልጣል» አልኩት። «ያንተን ሳወርድ ሞተሃል ብዬ ነው። ለሞተ ሰው ትንሽ ይጨመርለታል። እሷ ግን ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማችኝ ምን ብዬ እጨምራለሁ?»